አንድ ዓይን ነኝ ወይስ ሁለት፦ ከደብረ ብርሃን እስከ ላፍቶው በረት

የሄድኩት ለመጣላት ነው። ሽርሽር የሚሉትን ነገር አላውቅበትም፤ ሥዕል ለማየት ብዬም ለአውቶቡስ አምስት ብር የምከፍል ሰው አይደለሁም። ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ ኅዳር ሊያልቅ ሲል ነው። የጭነት መኪና የሚነዳ ጎረቤቴ ከአዲስ አበባ ተመልሶ፣ «ጋሽ ደምሴ፣ ንፋስ ስልክ ግድግዳ ላይ ሰቅለውዎታል» አለኝ። የመኪናውን የጭነት ሳጥን ቀለም ሊያስቀባ የሄደው ከንፋስ ስልክ አለፍ ብሎ ላፍቶ፣ ሠዓሊዎች በማኅበር ከሚሠሩበት ቤት ነው። እዚያ ከተሰቀሉት ሥዕሎች በአንዱ ላይ እኔ ግድግዳ ስመርግ አይቷል። ማን እንደሣለኝ ወዲያው ገባኝ። ተክሌ ነው።

«ስንት ዓይን አለኝ?» አልኩት።

«እንዴት ስንት?»

«ፊት ለፊት ነው የሣለኝ ወይስ በጎን?»

«ኧረ እኔ ልብ አላልኩም» አለ። ሹፌር ልብ ካላለ መንገድ ላይ እንዴት እንደሚኖር አላውቅም።

ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ደጉን ሰው ፊት ለፊት አቁሞ በሁለት ዓይኑ ይሥለዋል። ከሃዲውን፣ ነፍሰ ገዳዩን፣ ሰይጣኑን ግን በጎን አዙሮ አንድ ዓይን ብቻ ይሰጠዋል። ማንበብ የማይችል ምእመን፣ እንደ ድሮው እንደ እኔ ያለው፣ ዓይን ቆጥሮ ማን ማን እንደሆነ ይለያል። ተክሌ ይህን ሥርዓት ከአባቱ የተማረ ሠዓሊ ነው። እኔና እሱ ደግሞ ያኔ ሰላምታ ከተውን አሥራ ሦስት ዓመት ሆኖን ነበር።

በአብዮቱ ዋዜማ፣ አገራችን ላይ አንድ ቤተ ክርስቲያን አብረን ሠርተናል። እኔ ግድግዳውን መረግሁ፤ እሱ በላዩ ሸራ ለጥፎ ሣለበት። ዓመት ሳይሞላው ምርጊቱ ከነሸራው ተገንጥሎ ወረደ፤ ቅዱሳኑ በግንባራቸው ተደፉ። ሽማግሌ ሲቀመጥ ቀድሜ የተናገርኩት እኔ ነኝ፦ «ሠዓሊው ግድግዳው ሳይደርቅ ለጥፎበት ነው» አልኩ። ውሸት አልነበረም፤ ለንግሡ ላድርስ ብሎ ቸኩሏል። ተክሌ ብሩሹን ጠቅልሎ አገር ለቀቀ።

«አንድ ዓይን ቢሆንስ ምን ልታደርግ ነው?» አለችኝ ሚስቴ አስካለ፣ ስንቄን ስትቋጥር።

«አስወርደዋለሁ።»

«ሁለት ቢሆንስ?»

ያንን አላሰብኩበትም ነበር።

ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት

ያኔ ያለ ቀበሌ ይለፍ ወረቀት ከአገር አገር መሄድ አይቻልም ነበር። የቀበሌያችን ጸሐፊ በዋዜማው፣ በጉዞው ምክንያት ቦታ ላይ «ዘመድ ጥየቃ» ብሎ ጻፈልኝ። አንብቤ፣ «ዘመዴ አይደለም» አልኩት።

«ታዲያ ምን ልበል፣ ዓይን ቆጠራ?» አለኝ። ወሬው ቀድሞኝ ቢሮ ገብቷል።

ፊደል የቆጠርኩት ሃምሳ ዓመት ከሞላኝ በኋላ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። ከዚያ ወዲህ የተጻፈልኝን ሳላነብ አልቀበልም። ብዙ ጊዜ ማንበቤ ያናድደኛል እንጂ አይጠቅመኝም።

አውቶቡሱ ሸኖ ላይ ቆመ። አንድ ዳቦና ሁለት ብርጭቆ ሻይ ወሰድኩ፤ ሻዩ ከስኳሩ ብዛት ማንኪያ ያቆማል። ቅቤ የሚሸጡ ሴቶች መስኮቱን ከበው ቅላቸውን ወደ ላይ ያነሳሉ፤ አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት እናት ሁለት ኪሎ ገዝተው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። ፀሐይ ሲበረታ ቅቤው የእሳቸውንም የእኔንም ጉልበት አለሰለሰው።

ከሸኖ በኋላ በግራም በቀኝም አውድማ ነው። ገብሱ ተወቅቷል፤ ጭዱ እንደ ጎጆ ተከምሯል። ጭድ ባላይ ይሻለኝ ነበር። ለሽማግሌዎቹ ያልነገርኳቸው ነገር ትዝ አለኝ። የምርጊት ጭቃ ከጭድ ጋር ተረግጦ፣ ውኃ እየጠጣ፣ ሦስት ሳምንት መቡካት አለበት። የዚያን ቤተ ክርስቲያን ጭቃ ያቦካሁት ስምንት ቀን ነው። ሌላ ሥራ ይዤ ነበርና ቸኮልኩ። ያልቦካ ጭቃ ቢደርቅም ባይደርቅም ይወርዳል። ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ ብዬ አሥራ ሦስት ዓመት ኖርኩ።

ኮተቤ ኬላ ላይ ሁላችንንም አወረዱን። ወታደሩ ከከረጢቴ ውስጥ ካዞላዬን፣ የምመርግበትን ማንኪያ፣ አወጣ። ግንበኛ ያለ ካዞላ ከቤት መውጣት ያስጠላዋል፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

«ዘመድ ጥየቃ በካዞላ ነው?» አለ።

«ዘመዱን አታውቀውም» አልኩት። ሳቀና መለሰልኝ። የሚስቅ ወታደር በዚያ ዘመን ብርቅ ነው፤ ለዚህ ነው የጻፍኩት።

አራት ሰዓት ተኩል፣ ከአውቶቡስ ተራ ወደ ላፍቶ

ከአውቶቡስ ተራ እስከ ለገሃር በውይይት ሄድኩ። ውይይት ያኔ ተሳፋሪዎች ፊት ለፊት ተፋጠው፣ ጉልበት ለጉልበት ተገጣጥመው የሚቀመጡበት ታክሲ ነው። ስሙ ውይይት ይባል እንጂ ውስጡ የሚወያይ ሰው አላጋጠመኝም፤ ሁሉም ጫማውን ያያል። ከለገሃር ደግሞ የሳሪስን አውቶቡስ ያዝኩ። ጎተራን አልፌ ንፋስ ስልክ ወረድኩና ወደ ላፍቶ በእግሬ አቀናሁ።

ትንሽ እንደሄድኩ ከተማው አለቀ። ወንዙን በድንጋይ ላይ ተሻገርኩ፤ ማዶ ጤፉ ቢጫ ሆኖ ተኝቷል። ዛሬ ፎቅ የበቀለበት ጀሞና ለቡ ያኔ ከሩቅ የሚታይ ማሳ ነበር። መንገድ ዳር ሸንኮራ የምትቆርጥ ሴት አገኘሁና የሠዓሊዎቹን ቤት ጠየቅኳት።

«የወይዘሮ በላይነሽን ዓይን ያጠፉትን?» አለች። «ያ ረጅሙ በረት ነው። ግን ይጠንቀቁ ጋሼ፣ ዝም ብለው ከቆሙ ይሥሉዎታል።»

በረቱ

እውነትም በረት ነው። ድሮ አንድ ባለርስት የወተት ላም ያረባበት ነበር፤ ቀበሌው ለሠዓሊዎቹ ሰጣቸው። ግርግሙ አልተነሳም፤ ላሞቹ ይበሉበት የነበረው ውስጥ የቀለም ጣሳ ተደርድሯል። ሸራ ስለማይገኝ የእርዳታ ስንዴ ከረጢት ተርትረው፣ ወጥረው፣ በኖራ ቀብተው ይሥሉበታል። አንዳንዱ ሥዕል ጥግ ላይ የስንዴው ማኅተም ይታያል።

የተቀበለኝ ከድር ነው፤ ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፣ ቡታጅራ ተወልዶ እዚህ ያደገ፣ የጭነት መኪና ላይ አበባና አንበሳ የሚሥል። ተክሌ ኖራ ሊገዛ እንደሄደና እንደሚመለስ ነገረኝ።

«እስከዚያው አንበሳዬን ይዩልኝ» አለ። ከረጢት ላይ የተሣለ፣ የተኛ፣ ዝንብ አፍንጫው ላይ ያረፈ አንበሳ ነው።

«ይሄ ታሟል» አልኩት። ያየሁትን መናገር ልማዴ ነው።

ከድር ሳቁ በረቱን ሞላው። «አንድ ሹፌርም ይህንኑ ነው ያለኝ። ስምንት ዓመት አንበሳ ሳላይ አንበሳ ሣልኩ ጋሼ፤ የጎረቤት ድመት እያየሁ። ማንም አልነቃብኝም። አንድ ቀን ስድስት ኪሎ ሄጄ እውነተኛውን አየሁት፤ ተኝቷል። እሱን መኪናው ላይ ሣልኩለት። ሹፌሩ "ይሄ ዳገት አያወጣኝም" ብሎ አስጠፋኝ። አሁን ለመኪና ድመቷን እሥላለሁ፤ እውነተኛውን ለራሴ።»

ሌላዋ ሙሉ የምትባል ናት። የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ጨርሳ መፈክር ሥዕል ላይ የተመደበች፣ እጇ ከቀለም የማይጠራ ልጅ። «ሁለት ዓመት የወዛደር ክንድ ሣልኩ» አለችኝ። «ክንድ ብቻ። ክንዱ የማን እንደሆነ ማየት አማረኝ።» ስለዚህ ልብስ ስፌት ፋብሪካ በር ላይ ቆማ፣ ሴቶቹ ከሥራ ሲወጡ ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን ሲያሹ ሣለች። እዚያ ሥዕል ፊት ብዙ ቆሜያለሁ። የደከመ እግር አውቃለሁና።

የወይዘሮ በላይነሽም ነገር የእሷ ጣጣ ነው። ወይዘሮ በላይነሽ የበረቱ ጎረቤት ናቸው። ሙሉ፣ አፍንጫቸው አምሯት፣ በጎን ሣለቻቸው። እሳቸው ሥዕሉን ሊያዩ ነጠላቸውን አጣፍተው መጥተው፣ አንድ ዓይን ብቻ ሆነው ቢያገኙት፣ «ልጄ፣ ምን በደልኩሽ?» ብለው ተቀመጡ። ሙሉን ትምህርት ቤት ይህን አላስተማሯትም። ሠፈሩ ግን ዓይን መቁጠር ያውቃል፤ በሳምንቱ የእቁብ ጓደኞቻቸው ሳይቀሩ «ምን ሠርተው ይሆን?» ይሉ ጀመር። ያስታረቃቸው ተክሌ ነው። ሥዕሉ ውስጥ ከጎናቸው ግድግዳ ላይ መስታወት አስሣላት፤ መስታወቱ ውስጥ ሁለተኛው ዓይናቸው ይታያል። አሁን ወይዘሮ በላይነሽ እንግዳ ሲመጣ ራሳቸው ይዘው ገብተው መስታወቱን ያሳያሉ።

አንድ ደግሞ ያኔ ደብተሬ ላይ ያልጻፍኩት አለ። ተክሌ አዲስ አበባ እንደገባ አደባባይ የሚሰቀለውን፣ የአብዮቱን የሦስቱን የፈረንጅ ባለጢሞች ትልቅ ሥዕል ገልብጥ ተብሎ ታዞ ነበር። ሦስቱም በጎን ናቸው። «እንዳለ ገለበጥኩት፤ ትእዛዝ ነው» ይላል። ሥዕሉ በተሰቀለበት አጥር የሚያልፉ ባልቴቶች ቆጥረው ፈገግ ብለው ያልፉ ነበር አሉ።

«የእኔስ የታለ?» አልኩ በመጨረሻ።

ከድር ወደ ጓዳው ግድግዳ መራኝ። ሥዕሉ የዚያን የአገራችንን ቤተ ክርስቲያን ሥራ ያሳያል፤ ድንጋይ የሚሸከሙ፣ እንጨት የሚፈልጡ፣ ግድግዳ የሚመርጉ ሰዎች አሉበት። ዓይኔ ቀድሞ ያረፈው ከግድግዳው ሥር፣ በጎን ከቆመ አንድ ሰው ላይ ነው። አንድ ዓይን። ደሜ ፈላ። ከረጢቴን ወርውሬ፣ «መሰላል አምጣ» አልኩት።

«ጋሼ፣ ከላይ ያለውን ያንብቡ» አለ ከድር።

የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ በእያንዳንዱ ሰው ራስ ላይ ስሙን ይጽፋል። ቀስ ብዬ አነበብኩ። መሐል ላይ፣ እጁ ጭቃ የሆነ፣ ፊት ለፊት የቆመ፣ ሁለት ትልልቅ ዓይን ያለው ሰው አለ። በላዩ «ግንበኛ ደምሴ» ይላል። በጎን የቆመው የሙጫ ማሰሮ ይዟል። በላዩ «የቸኮለው ተክሌ» ይላል።

እንደገና አነበብኩት። ያው ነው።

ስድስት ሰዓት ተኩል

ተክሌ ኖራውን ተሸክሞ ገባ። ሸብቷል። ሲያየኝ ከረጢቱን ቀስ ብሎ አወረደ።

«አየኸው?» አለ።

«ራስህን ለምን በጎን አደረግህ?»

«ሳይደርቅ የለጠፍኩ እኔ ነኛ። አንተ እንደሆንክ እውነቱን ነው የተናገርከው።»

ካዞላ ቢወረውርብኝ ይሻለኝ ነበር። ከድርና ሙሉ ቆመው ያያሉ፤ ወይዘሮ በላይነሽም በር ላይ ደርሰዋል። ከሽማግሌ የደበቅኩትን በሰው ፊት ማውጣት ነበረብኝ።

«ጭቃው ስምንት ቀን ነው የቦካው» አልኩ። «ግድግዳው ቢደርቅም ይወርድ ነበር። አውቅ ነበር። ዝም አልኩ።»

ተክሌ ግርግሙ ላይ ተቀመጠና ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። የሚያለቅስ መስሎኝ ነበር፤ እየሳቀ ነው።

«አሥራ ሦስት ዓመት» አለ አንገቱን እያሸ። «አሥራ ሦስት ዓመት ዞሬ ቆሜልህ፣ አንገቴ ደነዘዘ እኮ አንተ ሰውዬ።»

«እኔን አዙረኝ። አንተ ፊት ለፊት ሁን።»

«ቀለሙ ደርቋል። አንድ ጊዜ እንኳ ደርቆልኝ ልቧጭረው?»

«መስታወት ልሥልላችሁ?» አለች ሙሉ።

«አይ ልጄ» አሉ ወይዘሮ በላይነሽ፣ «መስታወቷ የእኔ ናት። እነሱ ሌላ ይፈልጉ።»

ምሳ የከድር ሚስት ቆጮና ጎመን ይዛ መጣች። በዚያ በረት ሥጋ አይገባም፤ የእስላሙም የክርስቲያኑም እጅ ከአንድ ትሪ እንዲበላ ማኅበሩ ሲመሠረት የተስማሙበት ነው። ተክሌ አጎረሰኝ። ጉርሻው ትልቅ ነበር፤ ቂም እንዳለበት ግን አልመሰለኝም።

ከምሳ በኋላ ግድግዳቸውን በካዞላዬ ጫፍ መታ መታ አደረግሁት። ባዶ ድምፅ ሰጠ። «ይሄን የመረገ ማነው?» አልኩ።

«እኛው» አለ ከድር።

«ያስታውቃል።»

አፈር ቆፈርን፤ ጭድ ከአንድ አራሽ ለመንን፤ ጓሮ ውስጥ ጉድጓድ አበጅተን ጭቃውን መርገጥ ጀመርን። ተክሌ ሱሪውን ጠቅልሎ ገባ፤ ሙሉም፣ ከድርም። ወይዘሮ በላይነሽ ዱካ ላይ ተቀምጠው፣ «ደምሴ በግራህ አነሰ» እያሉ ያዝዙኝ ነበር። ከድር እንደ አንበሳው ሰነፍ ነው፤ ሁለት ዙር ዞሮ ደከመኝ አለ። ተክሌ ግን ይዘፍናል። ድምፁ መጥፎ ነው፤ ድሮም መጥፎ ነበር። ስንደክም ክንዴን ይዞ ቆመና፣ ጭቃው ሲቦካ እኔ ልመርገው፣ በላዩ ደግሞ እሱ ሁለታችንን ፊት ለፊት ሊሥል ተስማማን።

«መቼ ይደርሳል?» አለ።

«ሦስት ሳምንት። አንድ ቀን አላጎድልም። አንተም ሳይደርቅ አትነካውም።»

«እሺ ጌታዬ» አለ።

እሑድ

ተክሌ ቤት አድሬ ጠዋት አውቶቡስ ያዝኩ። ኬላው ላይ ያው ወታደር ነበር፤ ካዞላዬ ላይ የደረቀውን ጭቃ አይቶ፣ «ዘመድህ ደህና ነው?» አለኝ። «ደህና ነው» አልኩት። ዘመድ አይደለም አላልኩም።

መንገዱን ሁሉ ሳስብ መጣሁ። እኔ ያየሁትን ፊት ለፊት የምናገር ሰው ነኝ ብዬ ስኮራ የኖርኩ ነኝ። ቆጥሬ ባየው ፊት ለፊት የተናገርኩት ሁሉ የሌላ ሰው ጥፋት ነው። በራሴ ጥፋት ላይ ሁልጊዜ በጎን ነበርኩ። ይህን የነገሩኝ ባለ ከረጢት ሠዓሊዎች ናቸው፤ ድመት ሥሎ አንበሳ ነው ማለቱን ሰው ፊት እየሳቀ የሚያወራ፣ የጎረቤቷን ዓይን ማጉደሏን ተቀብላ መስታወት የጨመረች።

ቤቴ የደረስኩት ወደ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። አስካለ በር ላይ ጠበቀችኝ።

«ስንት ዓይን?» አለች።

«ሁለት።»

«ተሳስቷል» አለች።

ከረጢቴን አስቀመጥኩ። «እንዴት?»

«ጭቃውን ውኃ ያጠጣሁት እኔ አይደለሁ? በእንስራ እያመላለስኩ። ስምንት ቀን ነው ያጠጣሁት።»

«አውቀሽ አሥራ ሦስት ዓመት ዝም አልሽ?»

«አንተ ትናገራለህ ብዬ እጠብቅ ነበር» አለች። ወደ ታች አየች፤ ከጫማዬ በላይ እስከ ባቴ የላፍቶ ጭቃ ደርቋል። ፊቷ ፈካ። «ተናግረህ መጥተሃል። ተቀመጥ፣ እግርህን ልጠብህ።»