ወንድሜ ከብስክሌት ያወረደኝ ጠዋት

የበደለኝ ታላቅ ወንድሜ ሰይድ ነው፤ ዘጠነኛ ክፍል በገባሁበት ዓመት፣ በጥቅምት። ነገሩን የቀሰቀሰችብኝ የገዛ ልጁ ናት። ዘይነባ ዳባት መድኃኒት ቤት ትሠራለች። በፊት ጎህ ሳይቀድ መንገድ ዳር ቆማ ከደባርቅ የሚመጣ ሚኒባስ ትጠብቅ ነበር፤ ሞልቶ ያልፋታል። አሁን ማታ ስልኳን እንደምትሰካ የኤሌክትሪክ ብስክሌቷንም ሰክታ ትተኛለች፤ ጠዋት ቁርሷን ተረጋግታ በልታ ትወጣለች። መብራት ጠፍቶ ካደረ ፔዳሉን ትረግጣለች። አባቷ በር ላይ ቆሞ "በርቺ ልጄ" ይላታል። ጎረቤት ነኝና እሰማዋለሁ።

እኔም በዚሁ መንገድ ነበር ትምህርት ቤት የምሄደው፣ በእግሬ። ላም አልቤ፣ ውኃ ቀድቼ ስለምወጣ አረፍዳለሁ። ዘበኛው "አንድ ቀን ብትደግሚ ትባረሪያለሽ" ብሎኝ ነበር። በማግስቱም ረፈደብኝ። አባታችን ለንግዱ የገዛው ብስክሌት ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ ሰይድ በቅሎ ጭኖ ገበያ ወርዷል። እሱ በሌለበት ግቢ ውስጥ ተለማምጄበት ነበር። ቀሚሴን በመቀነት ሸብ አድርጌ ወጣሁበት።

የዚያን ጠዋት ደስታ ማንም አልወሰደብኝም። እርጥብ ሣርና የባቄላ እሸት ይሸታል። ቁልቁለቱን ስወርድ ሻሼ ወደ ኋላ ተነፋ፤ ዓይኔ ከብርዱ ያነባል፣ እኔ ግን እስቃለሁ። ገብስ የሚያጭዱ ሴቶች ቀና ብለው እልል አሉልኝ።

ገበያው ጫፍ ላይ ሰይድ ከነጋዴዎቹ መሃል ወጥቶ መሪውን ያዘ።

"ውረጂ።"

"ወንድምዬ፣ ደወሉ ሊደወል ነው፤ ያባርሩኛል።"

"ውረጂ ብያለሁ። ነገ ደግሞ አውቶቡስ ልትነጂ ነው?"

"ተዋት ባክህ፣ ካንተ ትሻላለች" አለው ጨው ሻጩ። "አንተ ትናንት በዚሁ ብስክሌት ቦይ ውስጥ አይደል የገባኸው?"

ሰዉ ሳቀ። ሰይድ አልሳቀም፤ ጎትቶ አወረደኝ። ሮጬ ስደርስ በሩ ተዘግቷል። ተባረርኩ፤ ዓመቱ ሳያልቅ ተዳርኩ።

ባለፈው ወር ሰይድ ከዘይነባ ኋላ ተቀምጦ፣ ጋቢውን ሰብስቦ፣ ወገቧን ጨብጦ ሲያልፍ አየሁት። እንደ ልጅ ይስቅ ነበር። ያን ሳቅ አውቀዋለሁ፤ ምን እንደቀማኝ አሁንም የገባው አይመስለኝም።

በጎቼን ሸጥኩና የራሴን የኤሌክትሪክ ብስክሌት ገዛሁ። ሚዛን መጠበቁን አልረሳሁትም፤ ቻርጅ አደራረጉን ዘይነባ አሳየችኝ። በገበያ ቀን ዳባት እሄድበታለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ሰይድ መንገድ ዳር ሚኒባስ ሲጠብቅ አገኘሁት። "እቴ፣ እኔንም አድርሺኝ" አለኝ። አላደረስኩትም።