ድጎማ የተፈቀደለት ተማሪ

የአውራጃው ጽሕፈት ቤት ዘበኛ ሁሴኖ ወጣቱን የሚያውቀው በአቀማመጡ ነው። ከአጥሩ ሥር ጉልበቱን ገጥሞ ይቀመጥና ወፍራም መጽሐፍ ይገልጣል፤ ገጹን ግን አያዞርም። የሸሚዙ ኮሌታ ንጹሕ ነው፤ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው።

በዚያ ጥቅምት ወባ ከሲሬ በታች ያለውን ቆላ ፈጅቶት ነበር። ወላጆቹ ለሞቱበት የኮሌጅ ተማሪ ድጎማ ይሰጣል መባሉን ሰምቶ፣ ልጁም ደጅ ሲጠና ሰነበተ።

አንድ ቀን ጸሐፊው በመስኮት ብቅ ብሎ፣ «እንኳን ደስ ያለህ! ተፈቅዶልሃል፤ ነገውኑ አዲስ አበባ ትገባለህ» አለው።

ወጣቱ እጅ ነሣ። «ጌታዬ፣ እኅቶቼ ታመው ተኝተዋል። ገንዘቡን ለኪኒን ባደርገውስ?»

«የተፈቀደው ለትምህርት ነው። ወደ ኮሌጅህ ካልተመለስክ ለሌላ ይሰጣል።»

«እንግዲያው ለሌላው ይስጡልኝ» አለ።

ሁሴኖ በሩን እየከፈተለት፣ «አንተ ልጅ፣ እንዲህ ያለ ዕድል ይገፋል እንዴ?» አለው።

«አባባ፣ ውኃ የምታቀብላቸው ጎረቤታችንም ትናንት ተኛች አሉኝ።»

ይህን ብሎ የቆላውን ቁልቁለት ተያያዘው። ሁሴኖ ስንቁን ሊያካፍለው ፈልጎ ከኋላው ተጣራ። ስሙን ስላልጠየቀው፣ «ተማሪው! አንተ ተማሪው!» እያለ ጮኸ።

ልጁ ዞር አላለም።