እግረ ደረቅ ያልኳት እንግዳ

ይህ ነገር ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ለእናቴ አልነገርኳትም፤ ለባሌ አልነገርኩትም። ሰግጄ ስነሳ እንኳ በደፈናው «ወንጀሌን ማረኝ» እላለሁ እንጂ ስሙን ጠርቼው አላውቅም። ክርስቲያኗ ጎረቤቴ የነፍስ አባት አላት፤ ሲከብዳት ሄዳ ትተነፍሳለች። እኔ የለኝም። እንግዲህ የማታውቁኝ እናንተ ስሙኝ።

ቤታችን ከሐይቅ ከተማ ወጣ ብሎ ወደ አርዲቦ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ያኔ ነሐሴ ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶታል። ጓሮው በቆሎ፣ አደንጓሬ፣ ዱባና ቃሪያ ነበረው፤ ሁሉንም በእጄ ቆፍሬ የተከልኩት ነው። አግብቼ ሰው ቤት ከገባሁ ወዲህ የኔ የምለው እሱን ብቻ ነበር። የባሌ የሰይድ ታላቅ እህት ጦይባ ከውጫሌ መጣች። ባሏ ከሞተ ዓመት አልሞላውም፤ ልጅም አልነበራት። ሰይድ እኛ ዘንድ ትክረም አለ፤ እኔም አልጋዬን ለቀቅኩላት። አልዋሽም፣ መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር።

ጦይባ ግን ሰው የሚወዳት ሴት ናት። መምጣቷን የሰማ ዘመድ ሁሉ ዝናቡ አባራ ባለ ቁጥር ጭቃውን እየረገጠ ይመጣል። እኔ ጠዋት ማድቤት እንደገባሁ ሲመሽ እወጣለሁ። እሷ ደግሞ እጇን አጣጥፋ መቀመጥ አታውቅምና ጓሮ ትገባለች። ተጨናንቋል ብላ ቃሪያዬን ነቅላ ሌላ መደብ ላይ አዛወረችው። እሸቱን እኔ ሳልቀምሰው ለመጣ እንግዳ ሁሉ አስያዘችው። ክፉ አልሠራችም፤ ያነደደኝ በኔ ጓሮ እሷ ቸር መባሏ ነው። እንግዳ ሂድ አይባልም። ለሰይድ እንዳልነግረው እህቱ ናት፤ ለጎረቤት ባወራ የምወቀሰው እኔ ነኝ። ዝናቡ ከውጭ፣ እንግዳው ከውስጥ ይዘውኝ በገዛ ቤቴ መግቢያ አጣሁ።

አንድ ቀን ለምሳ እንግዶች መጡ። ጦይባ ከሳሎን ሆና ከዳር ካለው በቆሎ ጥቂት ቆርጬ እንዳመጣ ነገረችኝ። ከገዛ ጓሮዬ እንደ ሠራተኛ ታዘዝኩ። ሄጄ ቆረጥኩ። የጓሮውን መግቢያ የምንዘጋው በእሾህ ክምር ነው። እጄ ሙሉ ነበር፤ ሆዴም ተቃጥሎ ነበር። እሾሁን ሳልመልሰው ገባሁ። ረሳሁት ልበል? አልረሳሁትም። አየሁትና «እሷ ትዝጋው» ብዬ አለፍኩ።

ላማችን ገባች። እርጥቡን አደንጓሬና በቆሎ እስክትጠግብ በላች፤ ከሰዓት በኋላ ሆዷ ተነፍቶ ወደቀች። ሰይድ ዘይት ጋታት፤ ጎረቤቱ ተሰብስቦ ሆዷን አሸ። ለማረድ ቢላዋ እንኳ ሳይደርስላት ሞተች። ሁለቱን ልጆቼን የምታጠጣ እሷ ነበረች።

በማግስቱ የሰፈሩ ሴቶች «አላህ ይተካ» ሊሉን መጡ። አንዷ አጥሩን ማን ከፍቶት እንደሆነ ጠየቀች። ጦይባ ከመጋረጃው ወዲያ ትሰግድ ነበር። ሰላቷን ጨርሳ ስታሰላምት ሰማኋት፤ ስለዚህ እሷም እንደምትሰማኝ አውቃለሁ። እኔም እንዲህ አልኩ፦

«እኔንጃ እቴ። እትዬ ጦይባ ከመጣች ወዲህ ነገር አልቀናን አለ። አንዳንድ ሰው እግሩ ደረቅ ነው መሰል።»

እኛ ዘንድ የእንግዳ እግር ይታያል። ሲመጣ ላም የወለደችለት፣ የታመመ የዳነለት እግረ እርጥብ ይባላል፤ ሁሉም ወደ ቤቱ ይጠራዋል። እግረ ደረቅ የተባለውን አትምጣ የሚለው የለም፤ ግን ሙሽራ ቤትና አራስ ቤት የሚጠራውም የለም። ይህን አሳምሬ አውቅ ነበር። ባሏን ለቀበረች፣ ልጅ ላልወለደች ሴት ይህ ቃል የት እንደሚያርፍም አውቅ ነበር። አውቄ ነው ያልኩት። ሴቶቹ አንገታቸውን ነቀነቁ።

በነጋታው ጦይባ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች። ሰይድ ቢለምናት አልተመለሰችም። ደጅ ላይ አቀፈችኝና «አላህ ይተካላችሁ፤ እግሬን ከቤታችሁ ያርቀው» አለችኝ። ጓሮዬ ተመለሰልኝ። ደስ አለኝ ወይ? አዎ፣ ሰንበት እስኪል ደስ ብሎኛል።

ከዚያ ወዲህ ደጃችንን አልረገጠችም። ለልጄ ለሰዓዳ ሰርግ ቅቤና ማር ልካ እሷ ቀረች። ውጫሌም ሰው ቤት መግባት ትታለች አሉ። ይህን እየሰማሁ ዝም አልኩ። ከዚያ ሰይድ ታመመ። ጠዋት «ጦይባ አልመጣችም?» ይላል፤ ማታም ያንኑ ይደግማል። ደወልኩላት። እግሯ እንዳይጎዳው፣ እንዲድን ብላ እንደምትቀር ነገረችኝ። እሾሁን የተውኩት እኔ ነኝ ብል በመጀመሪያው ሚኒባስ ትደርስ ነበር። ዓይኑ በሩ ላይ ነው፤ እኔ አጠገቡ ተቀምጬ እግሩን እያሸሁ ዝም አልኩ። ለምን? እንዳይንቀኝ። ነፍሱ ልትወጣ የደረሰች ሰው እንዳይንቀኝ ብዬ እህቱን ነፈግኩት። ጦይባ ለለቅሶው መጥታ ድንኳን አልገባችም፤ ከአስፋልቱ ማዶ ቆማ አልቅሳ ተመለሰች።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የኔው እያደረ ደፈረሰ። ያን ቀን ብናገር የአንድ ላም ጥፋት ነበር። ኋላ የአንዲት ሴት ዕድሜ ተጨመረበት፤ ከዚያ የወንድሟ የመጨረሻ ቀን። በተጨመረበት ቁጥር አፌ ይበልጥ ይታሰራል።

ዘንድሮም ነሐሴ እያለቀ ነው። ሰዓዳ እኔ ዘንድ መጥታ ወለደች፤ ጠያቂው ቤቱን ሞልቶታል። ትናንት አክስቴን ጥሪልኝ፣ ከአባቴ ወገን የቀረችኝ እሷ ናት ብላ ራሷ ደውላ ስልኩን እጄ ላይ አኖረችው። ድምፁንም ሰው እንዲሰማው ከፍ አደረገችው።

የጦይባ ድምፅ ደክሟል። ልጁን መረቀች። ነይ ስላት እንቢ አለች። ከዚያም «ከድጃ፣ አርጅቻለሁ» አለችኝ። «ያኔ ቤትሽ ገብቼ ላምሽን ያሳጣሁሽን፣ ልጆችሽን ወተት ያስቀረሁባቸውን አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ። ለአኼራ አታቆይብኝ።»

ሰዓዳ ሕፃኑን ታቅፋ ታየኛለች። ጠያቂዎቹ ወሬያቸውን አቁመዋል። እኔ ነኝ የሚለው ቃል ጉሮሮዬ ድረስ መጣ።

«አፉ ብያለሁ፣ እትዬ» አልኳት።

እያለቀሰች አመሰገነችኝ። እናንተ ግን አፉ እንዳትሉኝ።