ከአርባኛው ቀን እስከ ሰማንያኛው

የጳጳስ ሥራ መስቀል ይዞ መባረክ ብቻ ይመስለኝ ነበር። በምኖርበት በሰው አገር በሥራ ቀን የከተማ አውቶቡስ እነዳለሁ፤ ከዚያ በተረፈኝ ሰዓት ደግሞ የብፁዕ አባታችን ሾፌርም ጸሐፊም ነኝ። ሹመቱን በተቀበልኩ በሳምንቱ እውነቱ ገባኝ። ረቡዕ በከተማው ዳር፣ ስካርቦሮ፣ አንድ አዛውንት ታመው ይጠየቃሉ። ሐሙስ ሁለት የሰበካ ጉባኤ አባላት ይታረቃሉ፤ የተጣሉት በማይክ ድምፅ ነው። ቅዳሜ ድቁና የሚቀበሉ ልጆች ይፈተናሉ፤ ግማሾቹ ግዕዙን አሳምረው ያነባሉ፣ በአማርኛ ሲጠየቁ ግን «አይ ዶንት ኖው» ይላሉ። በመሃል በመሃሉ ደብዳቤ ነው። አባታችን ኮምፒውተር አይነኩም። እርሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ።

የምንገለገልበት ሕንፃ የአንግሊካኖች ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ከብሉር ጎዳና ብዙም አይርቅም፣ ተከራይተነዋል። ኮሪደሩ ላይ የአንድ የአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን ጳጳሳቸው ሥዕል ተሰቅሏል፤ ጢማቸው ደረታቸው ድረስ ወርዷል። ከሥሩ ከዕለት መዝገባቸው የተወሰደ አንድ ገጽ በመስታወት ተቀምጧል። ፈረስ በሚጎትተው የበረዶ ጋሪ ከመንደር መንደር ሲዞሩ፣ ሲያጠምቁ፣ የመዘምራን ጠብ ሲያበርዱ፣ ስለሚያፈስ ጣሪያ ደብዳቤ ሲጽፉ ይውላሉ። አንድ ቀን ለአባታችን እየተረጎምኩ አነበብኩላቸው። እስኪያስላቸው ሳቁ።

«ጣሪያው ዛሬም ያፈሳል በላቸው» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ባለፉ ቁጥር ለሥዕሉ ጎንበስ ብለው ሰላምታ ይሰጣሉ።

እኔ የምኮራበት ነገር አንድ ነው፤ እኔ የያዝኩት ቀጠሮ አይዛነፍም። ፎርም አዘጋጅቻለሁ፣ ለሁሉም ነገር ሳጥን አለው። አንድ ማክሰኞ ታዲያ አንዲት እናት ደወሉልኝ። በድምፃቸው ገና ወደድኳቸው።

«ልጄ፣ የልጄ ልጅ እሁድ አርባ ቀን ይሞላል። አባታችን በእጃቸው ቢያጠምቁልኝ ብዬ ነው። ከዚያ በሚቀጥለው ሐሙስ ወደ አገር ቤት ተመላሽ ነኝ፣ የቪዛ ቆይታዬ ያልቃል። ይህን ክርስትና ሳላይ መሄድ አልፈልግም።»

ወንድ በአርባ ቀኑ፣ ሴት በሰማንያ ቀኗ ክርስትና እንደሚነሱ የማያውቅ የለም። ጾታ በሚለው ሳጥን ላይ ሳልጠይቅ «ወንድ» ብዬ ጻፍኩ። እውነቱን ለመናገር፣ አንጀቴን በልተውት ነበር። የእኔ ልጅ ክርስትና ስትነሳ እናቴ ቪዛ ተከልክላ አልመጣችም። ያን ጊዜ የመጣልኝን መልስ ቀዳድጄ ጣልኩት፤ አኩርፌ ይኸው አሥራ ሁለት ዓመት፣ ሁለተኛ አልሞከርኩም። ማንን እንዳኮረፍኩ እንኳ አላውቅም። ስለዚህ ሌላ ቀጠሮ ገፍቼ እሁድን ለእኚህ እናት ሰጠኋቸው።

እሁድ ጠዋት ውሃው በሳፋ ተዘጋጀ። እናቲቱ ሕፃኑን ታቅፋ ቀረበች፣ አያትየው ከአጠገቧ ቆሙ።

«የክርስትና አባት ይቅረብ» አለ ዲያቆኑ። ማንም አልተነቃነቀም። ደግሞ ጠራ። አንዲት ወጣት ነጠላዋን እያስተካከለች ወጣችና «ክርስትና እናት ነኝ» አለች። ለወንድ ክርስትና አባት፣ ለሴት ክርስትና እናት ነው የሚቆመው፤ ሌላ ማስረጃ አላስፈለገም። አባታችን መጽሐፉን ዘግተው ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ ምን ብለህ ነው የጻፍከው?»

«ወንድ» አልኩ። ፊቴ በርበሬ መሰለ።

«እኔ ምንም አይዲያ የለኝም» አለ የሕፃኗ አባት። «ቡኪንጉን ሃንድል ያደረጉት እማማ ናቸው።»

«እኔ ወንድ አላልኩም» አሉ አያትየው። «አርባ ቀን ነው ያልኩት። ቁጠሩት፣ አርባ ነው።»

ደሜ ፈላ። «እማማ፣ አታለሉኝ እኮ!» አልኩ፣ የት እንደቆምኩ ረስቼ።

«አታለልኩህ» አሉ። የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ያዙ። «ክርስትናዋን ሳላይ ከምሄድ ብዬ ነው። በዚህ ዕድሜዬ ተመልሼ የምመጣ ይመስልሃል?»

ቁጣዬ የት እንደገባ አላውቅም። አባታችን ወደ አያትየው ዞሩ። የታመመ ሕፃን ቀኑ ሳይሞላም ይጠመቃልና «ሕፃኗን ያማታል?» ብለው ጠየቁ።

አያትየው በተስፋ ልጅቷን አዩ። «ትንሽ ታስነጥሳለች።»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። አባታችንም ሳቁ፤ ግን ፍንክች አላሉም። «ማስነጠስ አይበቃም፣ እናቴ።»

ከቅዳሴ በኋላ እኔንና አያትየውን ከሥዕሉ ሥር ጠሩን። «ቀኑን እኔ አላሳጥረውም። የእሳቸውን ጊዜ ግን ማስረዘም አይቻልም?» አሉኝ።

«ጊዜያቸው ሳያልቅ ማራዘሚያ ካመለከቱ መልሱ እስኪመጣ መቆየት ይችላሉ» አልኩ።

«እስካሁን ለምን አልነገርካቸውም?»

«አልጠየቁኝም።»

«አንተም አልጠየቅካቸውም። እንግዲህ ቀኖናችሁን ስሙ። እርስዎ እናቴ፣ የቀረው አርባ ቀን ነውና አርባ ስግደት፤ ጉልበትዎ እምቢ ካለ ወንበር ላይ ሆነው ጎንበስ ይበሉ። አንተ ደግሞ ማመልከቻውን ከእሳቸው ጋር ተቀምጠህ ትሞላለህ። ሳትጠይቅ አንድ ሳጥን እንዳትሞላ!»

በማግስቱ አያትየው ወዳረፉበት ቤት፣ ስካርቦሮ፣ ሄድኩ። አባታችን ያስጻፉኝን የድጋፍ ደብዳቤ አያይዘን፣ እያንዳንዱን ሳጥን ጠይቄ ሞላሁ። ሲሰለቻቸው እሳቸው በተራቸው ይጠይቁኝ ጀመር። እናቴ በሕይወት እንዳለች፣ ለምን እንዳልመጣች፣ ለምን እንዳኮረፍኩ ሁሉንም አወጣጡኝ። «ኧረ ምነው ልጄ» አሉኝ። ማመልከቻው ተላከ፣ የመመለሻ ቲኬታቸውም ተገፋ።

ሰማንያኛው ቀን አርብ ዋለ። መልሱ ገና አልመጣም ነበር፤ እሳቸው ግን በሕግ እዚሁ ነበሩ። ልጅቷ ውሃው ሲነካት ጣሪያውን በጩኸት አነሳችው። አያትየው ከፊት ቆመው ይስቃሉ፣ ያለቅሳሉ፣ ደግሞ ይስቃሉ። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር፤ ትንሽም ቀናሁ።

ሰው ሲበተን አባታችን ከሥዕሉ ሥር ወንበር ስበው ተቀመጡ። «ወረቀት ያዝ» አሉኝ። የጣሪያው ነገር ነው ብዬ ብዕሬን አወጣሁ።

«ለሚመለከተው ሁሉ» ብለው ጀመሩ። «ጸሐፊዬ ታማኝ ሰው ነው፤ ኩርፊያ ግን ያበዛል። እናቱ መጥተው የልጅ ልጃቸውን እንዲያዩ...»

እጄ ቆመ። «ማን ነገረዎት?» አልኩ። አያትየው ሕፃኗን አቅፈው የሚያፈሰውን ጣሪያ ያያሉ።

«እናትህ ስማቸው ማን ነው?» አሉ አባታችን። «እኔ ሳልጠይቅ አላስጽፍም።»

ስሟን ተናገርኩ። ከዚያም በራሴ እጅ ጻፍኩት።