ጨው የተውኩለት ብረት

እኔ ድሮም አንድ ቦታ መቀመጥ አይሆንልኝም። ገጠር፣ ማንኪራ ቤቴ እያለሁ ጠዋት እንሰቱ ጋ፣ ከሰዓት ቡና ለቀማ፣ እንዲህ ስል ነው የሚመሸው። ታዲያ አንድ ክረምት ወደ ወንዝ ስወርድ ጭቃው አንሸራተተኝ። ቀኝ እግሬ ከጉልበት በታች ቋ! አለ። ሩቅ ሆስፒታል ወስደው ብረት አስገቡበት። ረጅም ብረት ነው፣ በብሎን የታሰረ። ራጁ ላይ ሲያሳዩኝ የበር ማጠፊያ መሰለኝ።

ከዚያ ወዲህ ቦንጋ ከተማ፣ ልጄ ቤት ገባሁ። «እግርሽ ሲጠና ትመለሻለሽ» አለችኝ። አጥንቱ ገጠመ፣ በዱላ መሄድም ጀመርኩ። ግን ማንኪራ በዱላ ምን ይሠራል? እንሰት የሚፋቀው በእግር ጭምር ነው። ግንዱን ሳንቃው ላይ ታስደግፊና በአንድ እግርሽ ጫን ብለሽ ትይዣለሽ፣ ከዚያ በቀርከሃ ትፍቂያለሽ። የኔ የሚይዘው ቀኙ ነው። እሱ ካልጠና የሰው ቤት ተቀማጭ ሆኜ መቅረቴ ነው። የልጅም ቤት ቢሆን የሰው ቤት ነው፤ ይቺ የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ አይክፋት እንጂ።

እየቆየ ብረቱ ያለበት ቦታ ይበላኝ ጀመር። የላይ እከክ አይደለም፣ ከውስጥ ነው። ስቀመጥ ይጠዘጥዘኛል፣ ስነሳ ይጠዘጥዘኛል። በረንዳ እወጣለሁ፣ እገባለሁ፣ ደሞ እወጣለሁ። ቆዳውም ሞቅ ብሎ አበጥ አለ። ልጄ «ሐኪም ቤት እንሂድ» ስትል «ነገ» እላታለሁ። ፈራኋ! ብረቱን እናውጣ ቢሉኝስ? ብረት የተደገፈ እግር፣ ብረቱ ሲወጣ አይወድቅም?

አንድ ቀን ከገበያ በባጃጅ ስመለስ እግሬ ሥር ቀዳዳ አየሁ። መንገዱ ይታያል!

«ምነው ልጄ፣ በዚህ ልታወርደኝ ነው?» አልኩት ሹፌሩን።

«አይዞዎት እማማ፣ ዝገት ነው። ጨው ስጭን እየፈሰሰ በላው። ጨውና ውሃ ከተገናኙ ብረት አይምሩም።»

«ሰው ውስጥ ያለ ብረትስ?»

ሳቀ። «እሱንማ ግራሶ ይቀቡት!»

እሱ ይስቃል፣ እኔን መቀመጫው ቆረቆረኝ። ቢላዋዬ ነው ትዝ ያለኝ። ድሮ ቆጮ ስቀብር ቢላዋ ጉድጓዱ ውስጥ ረስቼ ነበር። ስንከፍተው ስለቱን ነቀዝ የበላው መስሏል፣ ዙሪያው ያለው ቆጮ ጠቁሯል። ለዚህ እኮ ነው በቀርከሃ የምንፍቀው፤ ብረትና እንሰት አይዋደዱም። ታዲያ ይሄን ሁሉ ጊዜ ቆጮ ስበላ፣ ጨው ስበላ፣ እግሬን ማን በላው? ራሴ!

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጨውም ቆጮም ተውኩ። ለማንም አልተናገርኩም። ቅቅል ጎደሬ፣ ወተት፣ ማር፤ በቃ። ልጄ ቆጮ ጋግራ ስታቀርብ «ጠግቤያለሁ» እላለሁ። ወጡንም ሳልነካ እመልሳለሁ። መጀመሪያ ሳህኑን አንስታ ትሄድ ነበር። ኋላ ግን መጥታ ፊቴ ቆመች።

«እማዬ፣ እጄ አልጥም አለሽ? ጎረቤት ምን ይበለኝ? እናቷን ጎደሬ ቀቅላ ታበላለች ይበሉኝ?»

«ጎደሬ ምን አለው? ያሳደገሽ ጎደሬ ነው።»

«ያሳደገኝ ቆጮ ነው! ያውም ያንቺ!»

እውነቷን ነው። እኔ ግን አፌን ያዝኩ። ብነግራት ወይ ትስቃለች፣ ወይ ሐኪም ቤት ትጎትተኛለች።

ጉልበቴ እያለቀ መጣ። ራሴን ያዞረኛል። አንድ ጠዋት ከበረንዳው ልነሳ ስል ምድሩ ዞረብኝና ደጃፉ ላይ ቁጭ አልኩ። ቁጭ አልኩ እንኳ አይባልም፣ ወደቅኩ። ልጄ እየሮጠች መጣች። ያኔ ሁሉንም ነገርኳት። ትስቃለች ብዬ ነበር፤ አለቀሰች።

ሐኪሙ ረጋ ያለ ሰው ነው። ራጅ አስነሳኝ። ጨው መተዌን ስነግረውም አላፌዘብኝም።

«እማማ፣ ጨው ቢተዉም ባይተዉም ለብረቱ ለውጥ የለውም። ሰው ሲፈጠር ጀምሮ ውስጡ ጨዋማ ውሃ ነው።»

«እና የሁሉም ሰው ብረት ይበላል?»

«አይ። ይሄ ብረት በላዩ ስስ ቆዳ አለው፣ እሱ ይጠብቀዋል። ብሎኑ ሲላላ ግን ከብረቱ ጋር ይፋተጋል፣ ቆዳው ይላጣል። ከዚያ ውሃው እዚያ ጥብቡ ውስጥ ተኝቶ ይበላዋል። እርስዎ ደግሞ ይረፉ ቢባሉ አያርፉም አሉ።»

«ማን አለ?»

ልጄ ወደ መስኮቱ ዞረች።

«ብረቱ ሲወጣስ፣ እግሬ አይወድቅም?» አልኩት።

«አጥንቱ እኮ ገጥሟል እማማ። አሁን የሚሸከምዎት እሱ ነው። ግን የብሎኑ ቀዳዳ እስኪሞላ መሸከም የለም፣ መሮጥ የለም። ያኔ ቢወድቁ ይሰበራል።»

እኔ ብረቱ የተሸከመኝ ነበር የሚመስለኝ።

አወጡት። በጨርቅ ይዘው አሳዩኝ። ረጅሙ ብረት ያበራል፣ አዲስ ማንኪያ ይመስላል። ብሎኑ የገባበት ዙሪያ ግን ተቦርቡሯል። ሥጋዬም እዚያ ጋ ጠቁሮ እንደነበር፣ እንደጠረጉት ሐኪሙ ነገረኝ። ልክ እንደ ቆጮው! አንዷ ብሎን ደግሞ አንገቷ ተቀንጥሶ አጥንቴ ውስጥ ቀርታለች።

«እሷን እናውጣ ብንል አጥንቱን መጉዳት ነው። አሁን ብቻዋን ናት፣ የሚፋትጋት የለም። ትቀመጥ» አለ።

እሷ ትቀመጥ፤ እኔ መቀመጥ አቃተኝ። አልጋው ላይ ስገላበጥ ልጄ ቆጮና ጎመን ይዛ መጣች። ጎመኑ ጨው በዝቶበታል፣ አውቃ ነው መሰለኝ። ሙልጭ አድርጌ በላሁ። እሷም አይታ ደገመችልኝ።

ሐኪሙ «ቀዳዳው ሞልቷል» ካለ በኋላ ልጄ ማንኪራ ወሰደችኝ፣ «ለማየት ብቻ» ብላ። ጓሮዬን ሣር ውጦታል። እሷ ከጎረቤት ጋር ስታወራ አንዱን እንሰት አስቆረጥኩ። ሳንቃዬን አቆምኩ፣ ቀርከሃዬን አነሳሁ፣ ቀኝ እግሬን ጫን አደረግኩ። ያዘ!

«እማዬ! ምን እየሠራሽ ነው?»

«ተይኝ፣ ይዟል።»

ትንሽ እፍቅና ቆም እላለሁ፣ ብሎኗ ምን ትል ይሆን ብዬ አዳምጣለሁ። ደሞ እፍቃለሁ። ደሞ ቆም እላለሁ። ልጄ ቀሚሷን ሰብስባ አጠገቤ ቁጭ አለች፣ የፋቅኩትን ትጨምቅ ጀመር።

ማታ ቦንጋ ብቻዋን ተመለሰች።