ከአባቴ ጉድጓድ በላይ ያለው ዳገት

ኮሮና በገባ ሰሞን ዐረብ አገር፣ ጀበል አማን በሚባል ሰፈር አንድ አዛውንትና ሴት ልጃቸው ቤት እሠራ ነበር። ልጅቷን ማዳም፣ አዛውንቱን ባባ እላቸዋለሁ። ባባ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በረሃ ለበረሃ እየዞሩ የከርሰ ምድር ውሃ ሲያስቆፍሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ሃዘሩ፣ የሰዓት እላፊው ማለት ነው፣ ከታወጀ ወዲህ ማዳም ባባ አጠገብ እንዳልደርስ ከልክላኝ ስለነበር ምግባቸውን ከሚውሉበት በረንዳ ደፍ ላይ አስቀምጬ እመለሳለሁ።

አንድ ከሰዓት እህቴ ከአገር ቤት ደወለች። የእኛ አገር ወርቅ የሚወጣበት ቆላ ነው። ከቤታችን በላይ ያለውን ዳገት ወርቅ ቆፋሪዎች እንደያዙት፣ ወርቁን በሜርኩሪ እየለዩ እጣቢውን እዚያው ጉድጓዳቸው ውስጥ እንደሚደፉት ነገረችኝ። እህቴ እርጉዝ ነበረች። የምትጠጣው አባታችን በገዛ እጁ ከቆፈረው የውሃ ጉድጓድ ነው። ውሃው እንደ ድሮው ጥርት ያለ ነው፣ አታስቢ አለችኝ። ኤርፖርቱ ተዘግቷል፤ ልሂድ ብል መሄጃ የለኝም።

ማዳም ሻወር እስክትገባ ጠብቄ በረንዳው በር ላይ ቆምኩና ለባባ ነገርኳቸው። አፈራችሁ ምን ዓይነት ነው አሉኝ። ቀይ ነው ስላቸው፣ ቀለሙን አልጠየቅኩሽም ብለው ሁለት የአበባ መትከያዎች አስቀረቡኝ፤ አንዱ አሸዋማ፣ ሌላው የሚያጣብቅ አፈር የያዘ። ሁለቱም ላይ ውሃ አፈሰስኩ። አሸዋማው ላይ የፈሰሰው ወዲያው ከሥሩ ወረደ፤ ሌላው ላይ ግን እንደ ኩሬ ተኝቶ ቀረ።

«የእናንተ የትኛው ነው? እሱን ሳላውቅ ምንም አልልሽም» አሉኝ።

ለእህቴ ደወልኩላት። ከግቢው አፈር ዘግና በውሃ አራሰችውና በመዳፏ ስታሸው እንደ ገመድ ተጠቀለለ። ይህን ስነግራቸው ባባ ፊታቸው ፈታ አለ። እንዲህ ያለ አፈር ውሃ ቶሎ አያሳልፍም፣ ክዳን ማለት ነው አሉኝ። ደስ ብሎኝ ልመለስ ስል ግን አስቆሙኝ። የቆፋሪዎቹ ጉድጓድ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ምን እንደሚመስል እህቴ ራቅ ብላ እንድታይላቸው ፈለጉ።

ከዚያ ኔትወርክ ጠፋ። ሩዙን አሳረርኩት፤ ማዳም ስትጮህብኝ እንኳ የሰማሁት ግማሹን ነው። በማግስቱ እህቴ ደወለች። ከላይ ቀዩ አፈር ነው፤ ከሥሩ ነጭ ጠጠር፤ ከጠጠሩ ውሃ ይንጠባጠባል። ወርቁን የሚያወጡት ከዚያው ከጠጠሩ ነው።

«ክዳኑን በስተውታል» አሉ ባባ። «አባትሽን አገናኚኝ።»

አባቴ ስልኩን የተቀበለው በቁጣ ነው። ዐረብ አገር የተቀመጠ ሰው ስለ እኔ ጉድጓድ ምን ያውቃል አለ። ያንን አልተረጎምኩም። ድምፁን ከፍቼ ስልኩን ደፉ ላይ አኑሬ በሁለቱ መሃል ለማስተርጎም ቆምኩ።

«ሲቆፍሩ ውሃውን ያገኙት ምን ላይ ነው?» ሲሉ ጠየቁት ባባ።

«ጠጠር ላይ» አለ አባቴ።

«ነጭ?»

«ነጭ።»

ባባ ቦታውን ስላላዩት እርግጠኛ እንዳልሆኑ ነገሩት። የዳገቱ ጠጠርና የእሱ ጉድጓድ ጠጠር አንድ ከሆነ ግን እጣቢው በጠጠሩ ውስጥ ቀስ እያለ መምጣቱ አይቀርም፤ ውሃው ጥርት ቢልም ሜርኩሪ በዓይን አይታይም፣ ማፍላትም አያጠፋውም፤ በተለይ እርጉዟ እንዳትጠጣ አሉት። ለካ ማዳም ከኋላዬ መጥታ ቆማለች። ልትቆጣኝ ስትል ባባ እጃቸውን አነሱ፤ እሷም ማዳመጥ ጀመረች።

«በእጄ ነው የቆፈርኩት» አለ አባቴ።

«እኔም በእጄ ብቆፍረው ኖሮ መዝጋቱ ይከብደኝ ነበር በይው» አሉኝ ባባ።

ተረጎምኩለት። አባቴ ደህና ሁኚ እንኳ ሳይለኝ ስልኩን ለእህቴ መለሰላት።

ከቀናት በኋላ ጉድጓዱን በግንድ ከድኖ ድንጋይ እንደጫነበት ሰማሁ። የሚጠጡትን ውሃ ቆፋሪ ካልደረሰበት ከወዲያኛው ሸንተረር ምንጭ በአህያ ማስመጣት ጀመረ። ከጎረቤቶቻችን የሳቁበት አሉ፤ የተከተሉትም አሉ። ውሃውን የመረመረ ሰው እስከ ዛሬ የለም፤ ስለዚህ የሸሸነው ነገር እዚያ ይኑር አይኑር አላውቅም። እህቴ በደህና ተገላገለች። አባቴ ኩርፊያውን ትቶ በስልክ ያነጋገረኝ ያን ቀን ነው፤ ሕፃኗ ጤነኛ መሆኗን ነገረኝና፣ ሽማግሌው እንዴት ናቸው ብሎ ጠየቀኝ።