ሽርጥ የበላው ዘንግ

ታፕራንዲች በኤልዶሬት ገጠር የበቆሎ መፈልፈያ በትራክተር እየጎተተች ከማሳ ማሳ መዞር ከጀመረች አሥራ ሁለት ዓመት ሆናት። ስንት የሴት ሽርጥ ትራክተሩን ከመፈልፈያው ከሚያገናኘው ተሽከርካሪ ዘንግ ላይ በቢላ ቆርጣ እንዳወጣች እሷና እግዜር ያውቃሉ።

አንድ ቀን የመፈልፈያው ፋብሪካ ኢንጂነር ኪፕሩጉት አዲሱን የማሽኑን መመሪያ ሳይታተም ሊያሳያት መጣ። ሥዕሉ ላይ ቱታ የለበሰ ሰውዬ እጁን ከዘንጉ አርቆ ቆሟል።

«ይሄ ባልሽ ነው እንዴ?» አለቻት ታፕራንዲች አብራት ሥዕሉን የምታየውን ጎረቤቷን ጄሩቶን።

«የኔማ ሲፈለፈል የለም፤ ሲሸጥ ነው የሚመጣው።»

ኢንጂነሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «እትዬ፣ ጽሑፉ እኮ ግልጽ ነው። ከሚሽከረከር አካል ይራቁ ይላል።»

«ከሚሽከረከር አካል ይራቁ» አለች ታፕራንዲች፣ ቁርጥ እሱን መስላ። «እጃችንንማ መች እንሰጠዋለን ልጄ? የሚያስበላን ሽርጣችን ነው።»

ሞተሩ እንደጠፋ ሳለ አሮጌ ሽርጥ በበቆሎ ጆንያ ወገብ አስራ ጫፉን ዘንጉ ላይ ጣለች። ሰዉን ሁሉ አራቀችና ትራክተሩን አስነሳች። ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ዘንጉ ሽርጡን ጠቀለለው፤ ጆንያው ተጎትቶ ተዘረገፈ። ኢንጂነሩ እርሳሱን አወጣ።

«ይችን ባለሽርጥ ሳላት» አለችው፣ «ወፈር አድርገህ፣ እንደኔ።»

መመሪያው ታትሞ ሲመጣ ሽርጧን ዘንጉ የያዘባት ወፍራም ሴት ፊተኛው ገጽ ላይ ነበረች። ጄሩቶ አይታ ሳቀች፤ ከዚያ ሽርጧን ፈታ አጥር ላይ ሰቀለችና ከሥር በለበሰችው ሱሪ ወደ ማሽኑ ሄደች።